ሞተሩ ሳይጠፋ የተነሡ ፎቶዎች

ውድ ወንድሜ ኤልሳዕ፣

ሳሮ። ከዳሞታ ተራራ ሥር ካለችው ከዚያችው ቤታችን፣ ከዚያው ቁልቁለት ላይ፣ የጌታ ሰላም ያለህበት ድረስ ይምጣልህ። እንዴት ነህ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ሆድህን የሚነካህ ነገር ተወህ ወይስ ለምደኸው ዝም አልክ? ሥራውስ? ብርዱስ? ማን ያበስላል? እንቅልፍ ይወስድሃል? ይህን ሁሉ በስልክ ብጠይቅህ በአንዲት «ደህና ነኝ» ጠቅልለህ እንደምትመልስልኝ ስለማውቅ ነው በወረቀት የምጠይቅህ። በወረቀት ላይ «ደህና ነኝ» ብቻ ተጽፎ አይላክም፤ ያሳፍራል።

እኛ ጌታ ይመስገን አለን። እማዬ አለች። ልጄ ኤልሻዳይ ጥርሷን እየነቀለች ነው፤ የነቀለችውን ሁሉ ለአጎቴ ላኩልኝ ትላለች። ጓሮ የተከልነው ቦዬ ዘንድሮ ጥሩ ነው። ዝናቡ ግን ዘግይቷል። እኔ እንደምታውቀኝ ነኝ፤ ጠዋት ማስተማር፣ ከሰዓት ስብሰባ፣ ከስብሰባው በኋላ ስብሰባው እንዴት እንደነበረ የሚገመገምበት ሌላ ስብሰባ። ማታ ቤት ስገባ ድምፄ አልቆ ነው የምገባው። ምናልባት ለዚህም ይሆናል የምጽፍልህ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ቢያድግልኝ ነው። እንደሰማኸው መጥቶ አገባ፤ አሁን ሚስቱን እናቱ ቤት ትቶ ቅዳሜ ወደ እናንተ፣ ወደ ሰው አገር ይመለሳል። ዳጣም ልኬልሃለሁ። ክዳኑን በፕላስቲክ አስሬዋለሁ፤ ሻንጣው ውስጥ ከፈሰሰ ከእኔ ሳይሆን ከእሱ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ተናድጃለሁ፣ ኤልሳዕ። በማን እንደሆነ ግን እየጻፍኩም አልለየልኝም። አንዳንዴ በአንተ ነው። አንዳንዴ በአባዬ ነው፤ በሞተ ሰው መናደድ ደግሞ ግድግዳ እንደ መምታት ነው፣ የሚያመው የራስን እጅ ነው።

የእማዬ ዓይን ተከፈተ። አንደኛው። ኦቶና ሆስፒታል ወስጃት የቀኙን ሞራ አነሡላት፣ የግራው ከፋሲካ በኋላ ነው። ከመግባቷ በፊት ሐኪሙ ሊያጫውታት ብሎ ዓይንሽ ሲበራ መጀመሪያ ምን ማየት ትፈልጊያለሽ ሲላት፣ ሁለት ፊት ብቻ አለችው። የባሏንና የወንድ ልጇን። እኔ እጇን ይዤ ከጎኗ ቆሜያለሁ። የእኔን ፊት አልጠራችም። አልከፋኝም ብል እዋሻለሁ። ግን ገባኝ፤ እኔ ያለሁ ነኝ። ያለ ሰው ፊት አይናፈቅም።

የባሏ ፊት ቤት ግድግዳ ላይ የሚጠብቃት መስሏት ነበር። አንተ የላክኸው።

ያ ፎቶ የመጣ ቀን እንዴት እንደነበረ በስልክ «ደረሰ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» ብዬ ነው ያለፍኩት። እንዲህ ነበር። ገና ባለፈ በሳምንቱ ቢያድግልኝ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ሶዶ በአውቶቡስ ጭኑ ላይ አስቀምጦ አመጣው። ጎረቤት ተሰበሰበ። እትዬ የትምወርቅ ጸለየች። ብርድ ልብሱ ሲገለጥ ያ ወርቃማ ፍሬም አብረቀረቀና ሁሉም «ይ!» አለ። እማዬ ዳር ዳሩን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ማዕዘኑ ላይ ያለውን ጥቁር ሪባን ስታገኝ ቆም አለች። ከዚያ መዳፏን መስታወቱ ላይ አስቀመጠችና «ኤርካሎ» አለች። ሰዎቹ አለቀሱ። ከሥር በወርቅ ቀለም ያስጻፍከውን ቢያድግልኝ ጮክ ብሎ አነበበላት። አባታችን ኤርካሎ፣ በልባችን ትኖራለህ።

እኔ ከኋላ ነበርኩ። ተንጠራርቼ አየሁ። ሰውየው አባዬ አይደለም።

ጋሽ ገብረመስቀል ናቸው። ሻንቶ ላይ እህልና ቆዳ የሚነግዱት። ያኔ ፀጉራቸው ነበረ፣ ኮታቸውም አዲስ ነበር፣ ለዚያ ይሆናል እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ያላወቃቸው፤ እትዬ የትምወርቅም ወደ ሰፈራችን የመጣችው አባዬ ከሞተ በኋላ ነው። እኔ ግን አውቃቸዋለሁ። በሕይወት ያሉ ሰው ናቸው፣ ኤልሳዕ። በዚያው ሳምንት በባጃጅ ሲያልፉ ሰላም ብለውኛል። በሕይወት ያለ ሰው በጥቁር ሪባን ታስሮ ግድግዳችን ላይ ሊሰቀል ነው፤ እናቴ ደግሞ መዳፏን ከረቫቱ ላይ አድርጋ ባሏን ትጠራለች። አፌን ከፈትኩ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ሚስማር የት ነው ብዬ ጠየቅሁ።

እንዴት እንደሆነ ሳስበው ከረምኩ። አንተ አባዬ ሲሞት አምስት ዓመትህ ነበር፤ ከአምስቱም ግማሹን እሱ መንገድ ላይ ነው ያሳለፈው። ስምንትና ዘጠኝ ዓመት ሲሞላህ ይህ ትልቁ የወጣባትን ያችን ትንሽ የመኪና ፎቶ ከፎቶ ካርቶናችን አውጥተህ አልጋህ ላይ ይዘሃት ትተኛ እንደነበር አስታውሳለሁ። እኛ መኪናውን የምታይ መስሎን ነበር። ይሄ ልጅ ሾፌር ሊሆን ነው ተባብለን እንስቅ ነበር። ፊት ላይ የቆመውን ሰው ታይ ኖሯል። አንድም ሰው «ይሄ ማን ይመስልሃል?» አላለህም። አንተም አልጠየቅህም። በእኛ ቤት መጠየቅ የለም፤ እያንዳንዱ ሌላው የሚያውቅ ይመስለዋል። ስትሄድ መጽሐፍ ቅዱስህ ውስጥ አስገብተህ ይዘሃት እንደሄድክ ያወቅሁት ካርቶኑ ውስጥ ቦታዋን ሳጣ ነው።

እሺ፣ ይህ ይሁን። ግን ለምን ቆረጥካት? ሙሉዋን ብታሳትማት ኖሮ ማንም ይገባው ነበር። አንተ ሰውየው በደንብ ይታይ ብለህ ከመኪናው ጋር ዙሪያውን ሁሉ አስቆረጥከው። ከሰውየው በስተግራ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። እኔን ቆርጠኸኛል። እቅፌ ውስጥ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ነበር፤ ዳቦ ወይም ልብስ መስሎህ ይሆናል። አንተ ነህ። መንግሥት በተለወጠ ማግስት የመጣው አዲስ ዓመታችን፣ ጊፋታው ነበር፤ ገና አንገትህን አልቻልክም። ራስህንም ቆርጠህ ጥለሃል። የቀሩት ጋሽ ገብረመስቀል ብቻ ናቸው።

የአባዬን ፊት ፍለጋ ካርቶኑን ያወረድኩት ያን ሰሞን ነው። እማዬ ቀጠሮ ሳይደርስ አንድ፣ አንዲት እንኳ፣ ባገኝና ፍሬሙ ውስጥ ባስለውጥ ብዬ። የሠርጋቸው ፎቶ እንደሌለ ታውቃለህ። መንጃ ፈቃዱና መታወቂያው፣ አርባ ምንጭ መንገድ ላይ ወባ ይዞት በዚያው ያረፈ ጊዜ፣ ከነቦርሳው ጠፍተዋል። ካርቶኑ ውስጥ ያለው መኪና ነው። መኪና፣ መኪና፣ መኪና። ስኳር ድንች የጫነ። የእርዳታ እህል የጫነ፣ ከኋላው ሰው እንደ ጉንዳን የተሰለፈ። የጭነት ሳጥኑ ስፖንዳ ወልቆ የተጋደመ፣ የጓደኛው መኪና መሆን አለበት። ጭቃ ውስጥ እስከ ጋቢናው የሰመጠ አንድ ተሳቢ፤ እዚህ ላይ ሰዎች አሉ፣ ግን ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተው ይገፋሉ። ከጀርባዎቹ አንዱ የእሱ ይሆን ብዬ ብዙ አየሁ። ጀርባ ጀርባ ነው።

ከዚያ የጊፋታዎቹ አሉ። በየዓመቱ አንድ። ይህን አንተ አታስታውሰውም። ለጊፋታ የትም ይሁን የት ይደርሳል። ያን አሮጌ ፊያት በዋዜማው ያሳጥባል፣ መስታወቱ ላይ አደይ አበባ ይሰካል፣ ከመናኸሪያ ፎቶ አንሺ ይዞ ይመጣል፣ ከዚያ እኛን አዲስ ልብሳችንን አስለብሶ ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ፊት ያቆመናል። ቤታችን ከጎን ይታያል፣ ዳሞታ ከኋላ። እሱ ጋቢና ውስጥ ነው። ሁልጊዜ። አንድም ዓመት አልወረደም። የፊት መስታወቱ ሰማዩን ስለሚያንጸባርቅ ከውስጥ ያለው ሰው አይታይም፤ ነጭ ነው። የሚታየው በመስኮት የወጣው ክንዱ ብቻ ነው። የመስኮት እጁ እንለው ነበር፤ ፀሐይ አክስሎት ከሌላው እጁ ይጠቁር ነበር፣ የሁለት ሰው እጅ ይመስል ነበር።

ሌላም ነገር አየሁ፤ ተደርድረው ሲታዩ ነው የሚታየው። በሁሉም ላይ የጭስ ማውጫው ያጨሳል። በሁሉም። እየተነሣን ያለነው ሞተሩ እየሠራ ነው። ልጅ ሆኜም ይህን አውቅ ነበር፤ እግሬ ሥር መሬቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ቀሚሴ ጭስ ጭስ ይል ነበር። አሥር ዓመት ሲሞላኝ የተነሣሁት ላይ አልቅሻለሁ፤ ዛሬም ዓይኔ ማበጡ ይታያል። ና ውረድና አጠገቤ ቁም ብዬው እምቢ ብሎኝ ነው። ምን እንደመለሰልኝ አላስታውስም። ምናልባት ምንም። እኔ ያኔ ለራሴ ያገኘሁለት መልስ አለ። ሊሄድ ስለቸኮለ ነው። ሞተሩን ሳያጠፋ ነው የሚያየን፤ ፎቶው ጠቅ ሲል ይሄዳል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው ይህ መልስ፤ በዚህ መልስ ላይ ነው ያደግሁት። ባል ሳገባም፣ ባል ስፈታም፣ ውስጤ የሆነ ቦታ አንድ ሞተር ይሠራ ነበር። ተወው። ይህን የምጽፍልህ እንድታዝንልኝ አይደለም።

አንዲትም ፊት አላገኘሁም።

እማዬ ከቀዶ ጥገናው በፊት በነበሩት ሌሊቶች ፎቶውን ደህና እደር ማለት ጀመረች። አልጋዋን ከሳሎኑ የሚለየው መጋረጃ ነው። መብራት ከመጥፋቱ በፊት በወላይትኛ ቀስ ብላ ታወራዋለች፤ የቦዬውን ነገር፣ የእኔን መክሳት፣ የአንተን አለመደወል። እኔ መጋረጃው ማዶ ተኝቼ እሰማለሁ። ልንገራት? ብነግራት ደስታዋን እቀማታለሁ። ባልነግራት ዓይኗ ሲበራ ራሷ ታየዋለች፣ ያን ጊዜ ባሏን ብቻ ሳይሆን እኛንም ታጣናለች፤ ሁላችንም ስናታልላት እንደከረምን ነው የሚሆነው። አንድ ቀን ሚስማሩ ላልቷል፣ እስኪጠገን ላውርደው ብዬ ሞከርኩ። ሚስማሩን በጣቷ ነቅንቃ አየችውና ጥሩ ነው አለችኝ። ዓይን የሌለው ሰው ሚስማር ያውቃል።

በዚያ ሰሞን በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። አንዱን ቀን ተቋረጠ። ሌላውን ቀን «ፎቶው እንዴት ነው፣ ተመቻት?» አልከኝ፤ ድምፅህ ውስጥ እንደ ልጅ የሆነ ነገር ነበረ። ተመችቷታል አልኩህ። ስልኩን ዘግቼ ራሴን ሰደብኩ፣ ቀጥሎ አንተን።

ማሰሪያው የተፈታ ቀን ጠዋት ኦቶና ሄድን። ሐኪሙ ፋሻውን አንሥቶ ጣቶቹን ሲያሳያት ቆጠረች። ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት አነበበች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ፣ ብዙ አየችኝና «አርጅተሻል» አለችኝ። በባጃጅ ስንመለስ ሱቅ ሱቁን፣ አህያ አህያውን፣ አዲስ የተነጠፈውን የኮብልስቶን መንገድ እያየች እንደ ልጅ ስታወራ፣ እኔ ሹፌሩን ቀስ በል እለዋለሁ። ቁልቁለቱ ሥር ስንደርስ ነጠላዋን አስተካከለች። ፀጉሯን ወደ ውስጥ መለሰች። ለባሏ ነው።

በሩ ክፍት ነበር። ኤልሻዳይ እየሮጠች መጥታ እንግዳ አለ አለችን። ገባን። ጋሽ ገብረመስቀል ሳሎኑ መሐል ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ብርቱካን የያዘ ፌስታል፣ በሌላው ባርኔጣቸው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ሰጥተው ቀና ብለው የራሳቸውን ፎቶ ያያሉ። የእማዬን መታከም ሰምተው ከሻንቶ ሊጠይቁ መምጣታቸው ነው። መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር። እማዬ ከደጃፉ ቆማ፣ በአዲሱ ዓይኗ፣ መጀመሪያ ፎቶውን አየች፣ ከዚያ ሰውየውን፣ ከዚያ ፎቶውን።

እሳቸው ዘወር ሳይሉ እማዬን በስሟ ጠርተው «ጣፈጠች፣ እኔ የሞትኩት መቼ ነው? ለእኔ እንኳ አልነገራችሁኝም» አሉ።

እማዬ ወደ ድምፁ ጠጋ አለች። ከዚያ «አንተ ነህ እንዴ? እኔኮ ከገና ጀምሮ ደህና እደር ስልህ ነው የከረምኩት» አለች።

«ለካ ለዚህ ነው እንቅልፍ የበዛብኝ» አሉ ጋሽ ገብረመስቀል።

ሳቀች፣ ኤልሳዕ። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ዓይንሽን እንዳታስጨንቂ ተብለሻል እያልኩ ስለምናት እሷ ትስቃለች፣ እሳቸውም ይስቃሉ፣ ኤልሻዳይም ምን እንደሆነ ሳታውቅ ትስቃለች። ያን ሁሉ ሌሊት ያልተኛሁት እኔ ብቻ አልሳቅሁም። ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ሳቋ ሲያልቅ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና «እሱስ? የት አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔን። ሁልጊዜ የምጠየቀው እኔ ነኝ።

ካርቶኑን አምጥቼ ፎቶዎቹን አልጋዋ ላይ ደረደርኩላት። አባዬ ሁለት ሁለት ያሳጥብ ስለነበር አንተ የወሰድካት ፎቶ መንትያ አለች። ሙሉዋ። ጋሽ ገብረመስቀልም መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ያን ኮት የት እንዳደረሱት እንደማያውቁ ተናገሩ። እኔ ግን ትዕግሥቴ አልቆ ነበር፤ እርስዎ መሐላችን ምን ያደርጋሉ፣ በእኛ ጊፋታ፣ በእኛ ፎቶ፣ እሱ ለምን ወርዶ እዚህ ቦታ ላይ አልቆመም ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠየቅኋቸው። እንግዳ ላይ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

አልተቆጡም። አባትሽ ራሱ ነው ያቆመኝ አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናውን በተረከበ በመጀመሪያው ወር አባዬ ሻንቶ ላይ፣ ገበያ ቀን፣ ሽቅብ አቁሞት ወረደ። የእጅ ፍሬኑ እንደማይዝ ያውቃል፤ ሁሉም ሾፌር እንደሚያደርገው ጎማው ሥር ድንጋይ አስደግፏል። ዝናብ ዘንቦ ስለነበር ድንጋዩ ተንሸራተተ። መኪናው ራሱን ችሎ ወደ ኋላ ወረደ፣ ተጠማዘዘ፣ በአፍንጫው የጋሽ ገብረመስቀልን ሱቅ ግድግዳ ይዞ ገባ። ሰው አልተነካም። ከግድግዳው ሥር ቃሪያ የምትሸጥ ሴት ውሃ ልትጠጣ ተነሥታ ስለነበር ነው ያልተነካችው። አባዬ ባዶውን መቀመጫዋን አይቶ መንገዱ ላይ ተቀመጠ፤ «እኔ ግድግዳዬን ትቼ እሱን አነሣሁት» አሉ። በዚያው ወዳጅ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ድንጋይ አያምንም። መለዋወጫ በሌለበት ዘመን፣ ባለንብረቱ ዛሬ ነገ ሲለው፣ ያ ፍሬን ሳይሠራ ዓመታት አለፉ።

እናም ጊፋታ ሲመጣ እናንተን ቁልቁለት ላይ መኪናው ፊት ያቆማል አሉ፤ እሱ ገብቶ በእግሩ ፍሬን ይይዛል። ሞተሩን ካጠፋ የፍሬኑ ንፋስ እየወረደ ይሄዳል፣ ስለዚህ ሞተሩን አያጠፋም። ፎቶ አንሺው በየዓመቱ ሜዳ ላይ እናንሣው ይለው ነበር አሉ። እሱ ደግሞ ቤቴ ካልታየ ፎቶው ምን ያደርግልኛል ይላል። ከግድግዳው ጋር ሲጋጭ የተሰበረው የፊት መብራትም አልተተካም፤ ስለዚህ በየዓመቱ ከዚያ መብራት ፊት ሰው ያቆማል። ያን ዓመት ተራው የእኔ ሆነ አሉ። «ግድግዳህ የሰበረውን አንተ ሸፍን» አለኝ አሉና በጣታቸው ፎቶው ላይ ጉልበታቸው ያለበትን ቦታ አሳዩን። እውነትም ከጉልበታቸው ጎን እንደ ጥርስ የሆነች የመብራቱ ስባሪ ትታያለች።

እፎይ ማለት ነበረብኝ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ያለቅሳል፣ ይቅር ይላል። እኔ ተናደድኩ። ሦስት ቃል ነበረች፣ «ፍሬን ይዤ ነው»። አሥር ዓመት ለሞላት፣ ዓይኗ እስኪያብጥ ለምታለቅስ ልጅ ይህችን ሦስት ቃል መናገር ምን ይከብዳል? ምናልባት እንዳንፈራ ብሎ ይሆናል። ከኋላችን ያለው ነገር ሊወርድብን እንደሚችል ብናውቅ ማን ይስቅ ነበር? ይህን አስቤዋለሁ። ግን እኮ አልሳቅንም። ፎቶዎቹን አይቻቸዋለሁ፣ አንዳችንም አንስቅም። ፈርተን ነበር፣ ሌላ ነገር ፈርተን፤ እንደሚሄድ።

ወደ እማዬ ዞርኩ። አንቺ ታውቂ ነበር? አልኳት። አዎ አለች፣ እንደዋዛ፣ የዓይን ጠብታዋን ክዳን እየፈለገች። ታዲያ ለምን አልነገርሽንም? «ጠይቃችሁኝ ታውቃላችሁ?»

ምን ትላት ነበር አንተ?

መንትያዋን ፎቶ አንሥታ ወደ መስኮቱ ይዛት ሄደች። አዲሱ ዓይኗ ቅርብ ነገር ገና አያጠራላትም፣ ራቅ አድርጋ፣ እንደገና ራቅ አድርጋ ያዘቻት። ነጩን መስታወት አላየችም። በመስኮቱ የወጣውን ክንድ ነው ያየችው። በአውራ ጣቷ ጥፍር ከክርኑ እስከ ጣቶቹ ወረደችበት። «የመስኮት እጁ» አለች። ፊት ፈልጋ ክንድ አገኘች፤ የጠየቀችው እሱን አልነበረም፣ ግን ፎቶዋን ለረጅም ጊዜ አልመለሰቻትም።

ጋሽ ገብረመስቀል ሲሄዱ ፎቶውን ላውርደውና ይውሰዱት ብላቸው እማዬ እምቢ አለች። ልጄ ያን ያህል መንገድ የላከው ነው፣ ልጄ ሲያለቅስበት የከረመ ሰው ነው፣ ይቀመጥ አለች። እሳቸውም ተስማሙ፤ ሪባኑን ብቻ አንሡልኝ፣ ለእሱስ ገና ነኝ አሉ። ሪባኑን ቆረጥኩ። ጽሑፉን ደግሞ እማዬ በካሌንደር ወረቀት ሸፈነችው። ትንሿ ፎቶ ፍሬሙ ማዕዘን ላይ ተሰክታለች። እንግዲህ ሳሎናችን ውስጥ አንድ የሻንቶ ነጋዴ፣ በጎናቸውም አንድ ክንድ አለ። የሚገባ ሰው ሁሉ ይጠይቃል። የምመልሰው እኔ ነኝ።

ለአንተ እንዳልነግርህ አዝዛኛለች። ያለቀሰው ለቅሶ እንዳይባክንበት ብላ። እኔ ግን እየነገርኩህ ነው፣ ምክንያቱም በዚህ አላበቃም።

በነጋታው የአንተን ፎቶዎች አምጪ አለችኝ። ሁለተኛው ፊት። በየጊዜው በሰው የላክሃቸውን ሁሉ ሰብስቤ ሰጠኋት። ምን እንደላክህ ታስታውሳለህ? እኔ ራሴ እስከዚያ ቀን ልብ አላልኩም። ነጭ ፒክአፕ፣ ሱቅ ደጅ የቆመ። ዕቃ የምታከፋፍልበት አይሱዙ፣ ከጎን። ያው አይሱዙ፣ ከፊት። አንድ ትልቅ ተሳቢ፣ ያንተም ያልሆነ፣ «ይሄን ልነዳ ነው» ብለህ ከጀርባው የጻፍክበት። በአንዱ ላይ የጎን መስታወቱ ውስጥ የትከሻ ቁራጭ አለ። ከሄድክ ሦስት ዓመት አለፈህ፤ አንድም ቦታ ላይ ፊትህ የለም። እማዬ አንድ በአንድ መስኮቱ ጋ ይዛ አየቻቸው። ከዚያ አልጋው ላይ ከአባዬዎቹ ሥር ደረደረቻቸው፣ በላይ የእሱ፣ በታች የአንተ። ቁጭ ብላ ታያለች። እኔ ደብተር አርማለሁ። ብዙ ቆይታ፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላወቅሁም፣ «አባቱስ ፍሬን ይዞ ነው። ይሄኛው ምን ይዞ ነው የማይወርደው?» አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔም አልተኛሁ። ቢያድግልኝን መንገድ ላይ አቁሜ ኤልሳዕ እንዴት ነው፣ እውነቱን ንገረኝ ብለው «ደህና ነው፣ ደህና ነው» አለ፤ ሁለት ጊዜ አለ፣ ዓይኑን ወደ ባጃጆቹ አዙሮ። አንድ ጊዜ ቢል አምነው ነበር። እዚያ የእኛ ልጆች ሱቅ ሲዘረፍ፣ ሰው ሲደበደብ በሬዲዮ እንሰማለን። ፊትህ ላይ የሆነ ነገር አለ? ተመተሃል? ወይስ ከስተሃል? ወይስ ምንም የለም፣ ዝም ብለህ የአባትህ ልጅ ነህ? የትኛውም ይሁን እችለዋለሁ። ጠባሳም ከሆነ እናየዋለን። የማልችለው ሌላ ሠላሳ ዓመት ራሴ የፈጠርኩትን መልስ ይዤ መኖር ነው፣ በመጨረሻ ሌላ ሰው ብርቱካን ይዞ መጥቶ እውነቱን እስኪነግረኝ።

የግራ ዓይኗ ከፋሲካ በኋላ ነው ብዬሃለሁ። ሁለቱም ሲበራ ሁለተኛውን ፊት ትፈልጋለች፤ የመጀመሪያውን ከእንግዲህ አታገኘውም። የምጠይቅህ ይህን ብቻ ነው። ገንዘብም፣ ፍሬምም፣ በወርቅ የተጻፈ ነገርም አይደለም። አንተ የቆረጥካትን ፎቶ መንትያ ለአንተ ብዬ ልልክልህ አስቤ ነበር፤ እማዬ አልሰጥም አለች። ስለዚህ ኤልሻዳይ በእርሳስ ሥላታለች፣ አብሮ አለ። መኪናው ከሁሉ ይበልጣል። መስኮቱ ላይ ያለው ጥቁሩ አባዬ ነው። ነጩ ጥቅል አንተ ነህ፤ ለአጎቴ ፊት ልሥራለት ወይ ብላኝ፣ ተዪው፣ ራሱ ይልካል አልኳት።

በል እንግዲህ። እትዬ የትምወርቅ በጸሎት ታስብሃለች፤ ፎቶው ላይ ያለቀሰችው እንባ ለጋሽ ገብረመስቀል ጤና ይሁን ብላለች። ጋሽ ገብረመስቀል፣ በፎቶ ያሳደግኩህ ልጄ ሰላም ሁን፣ ስትመጣ ሻንቶ ሳትገባ እንዳታልፍ ብለውሃል። ኤልሻዳይ አንድ ጥርስ በወረቀት ጠቅልላ ልካለች፤ እንዳትጥለው፣ ትጠይቅሃለች። አብረውህ ላሉት ልጆች ሁሉ፣ ስማቸውን ባላውቅም፣ ለሚያበስለውም ለማያበስለውም፣ የእህት ሰላምታዬን ስጥልኝ። እኔ ስጽፍ ውዬ ንዴቴ ቀነሰ ልልህ ነበር፤ አልቀነሰም፣ ግን እጄ ደክሟል።

እማዬ መጋረጃው ማዶ ሆና ምን እየጻፍሽለት ነው አለችኝ። ሰላምታ ነው አልኳት። የእኔን ሰላምታ ከሁሉ በታች ጻፊልኝ፣ ልክ እንደምነግርሽ፣ አትጨምሪ አትቀንሺ አለችኝ። እነሆ፦

«ልጄ፣ ሜዳ ላይ አቁመው። ሞተሩን አጥፋ። ውረድና ፊቱ ቁም።»

እህትህ እታፈራሁ ኤርካሎ

ወላይታ ሶዶ፣ የካቲት 21 ቀን 2004 ዓ.ም.